በሌለንበት ስለ እኛ የሚናገረው ወረቀት



 ይህ ንግግር ከኢትዮጵያ መጥተን በእስራኤል፣ በሐይፋና በዙሪያዋ ለምንኖር ነው። የዛሬው ጉዳያችን ገንዘብ ነው። ገንዘብ እንዴት እንደሚገኝ ግን አላስተምራችሁም፤ እሱን ባውቀው እዚህ ቆሜ አታገኙኝም ነበር። የምናገረው ስንበደር ስለ እኛ ስለሚጻፈው ወረቀት፣ በዚያ ወረቀት ላይ ስለሚገባው ስህተት፣ እንዲሁም የግል መረጃችን በማን እጅ እየዞረ እንዳለ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ብዙዎቻችን የግል ጉዳይን መጠበቅ ማለት መደበቅ ይመስለናል። ዕዳችንን ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ አንዳንዴም ከትዳር ጓደኛ እንሸሽጋለን። ዕዳውን የሚያሳየውን ወረቀት ግን ለማናውቀው ሰው አሳልፈን እንሰጣለን፤ ምን እንደተጻፈበትም ራሳችን አናነብም። ስለ ራሱ የተጻፈውን አንብቦ የማያውቅ ሰው ምስጢሬን ጠብቄአለሁ ሊል አይችልም። ምስጢሩ ተመዝግቦ በሌሎች እጅ ነው፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ቀድሞ በጎንደር ገጠር ነገሩ ሌላ ነበር። እህል ወይም ብር የሚያበድር ሰው ተበዳሪውን ከነአባቱ ያውቀዋል። ካላመነው ዋስ ይጠራል። ዋሱም ፊት ለፊት ይቆማል። አንድ ሰው «አልከፈለም» ተብሎ ቢታማ ሐሜቱ ቶሎ ይደርሰዋል፤ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ምስክር ቆጥሮ፣ «ከፍያለሁ» ብሎ ስሙን ያጠራል። በዚያ ሥርዓት ሐሜት ነበረ፣ አድልዎ ነበረ፣ ደካማውን የሚጫንም ነበረ። ሆኖም ተከሳሹ ክሱን ይሰማ ነበር። ዛሬ ግን ማሽካንታ (የቤት ብድር) ሊጠይቅ ባንክ የገባ ሰው ጸሐፊዋ ኮምፒዩተሯን አይታ «ይቅርታ፣ አልተፈቀደም» ስትለው ማን እንደመሰከረበት አያውቅም። ከንፈሩን ነክሶ ይወጣል። አንዳንዱ «ሐበሻ ስለሆንኩ ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ አድልዎ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ ከስድስት ዓመት በፊት የተከፈለና ያልተሰረዘ ዕዳ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ወረቀቱን ማየት ግድ ነው።

ይህ ወረቀት ከየት ይመጣል?

በእስራኤል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የብድር መረጃ የሚሰበሰበው በ2002 በወጣ ሕግ መሠረት በግል ድርጅቶች ነበር። በዋናነት የሚሰበሰበውም መጥፎ መጥፎው ነበር፦ የተመለሰ ቼክ፣ የሆጻአ ላፖአል (የፍርድ አፈጻጸም ጽሕፈት ቤት) ፋይል፣ ኪሳራ። ከድርጅቶቹ አንዱ ቢ ዲ አይ ይባላል። የድርጅቱ ስም የነገሩ ሁሉ ስም ሆኖ እስከ ዛሬ ድረስ ሰዉ «ቢ ዲ አዬ ተበላሽቷል» ይላል። በዚያ አሠራር ሃያ ዓመት ሙሉ ሳያዛንፍ የከፈለ ሰው ጨዋነቱ የትም አይጻፍም ነበር፤ አንድ ጊዜ ከተሰናከለ ግን ይጻፍበታል።

በ2016 የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክነሴት፣ አዲስ የብድር መረጃ ሕግ አወጣ፤ ሥርዓቱም ሚያዝያ 2019 ሥራ ጀመረ። ዋናው መዝገብ አሁን በእስራኤል ባንክ፣ ማለትም በማዕከላዊው ባንክ እጅ ነው። ባንኮች፣ የክሬዲት ካርድ ኩባንያዎች፣ ሆጻአ ላፖአልና ሌሎች የመንግሥት አካላት ስለ እያንዳንዳችን መረጃ ወደዚያ ይልካሉ። በጊዜ የተከፈለውም፣ ያልተከፈለውም ይላካል። የብድር መረጃ ድርጅቶቹ ከዚያ መዝገብ ወስደው ሪፖርት ያዘጋጃሉ፣ ነጥብ ያወጣሉ፣ ለአበዳሪው ይሰጣሉ። ለአበዳሪ የሚደርሰው ሪፖርት በመሠረቱ ያለፉትን 3 ዓመታት የሚመለከት ነው። ሕጉ ከዓላማዎቹ መካከል በብድር ላይ ያለውን አድልዎና የኑሮ ልዩነት መቀነስን ቆጥሯል። ይህን ልብ በሉልኝ። ስማችንንና መልካችንን አይቶ ለሚፈርድ ጸሐፊ «መዝገቤን እይ» ለማለት የሚያስችል ሕግ ነው። መዝገቡ ትክክል ከሆነ መሣሪያችን ይሆናል፤ ከተሳሳተ ግን ያንኑ አድልዎ በቁጥር አስጊጦ ይመልስልናል።

ማን ያየዋል? ሙሉውን ሪፖርት ለማየት አበዳሪው የእኛ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከዚህ ሌላ አጭር ምልክት አለ፤ ዝርዝር ሳያወጣ «ማበደር ይመከራል» ወይም «አይመከርም» የሚል ነው። ለዚህ አበዳሪው ሊያሳውቀን ይገባል። በተግባር ግን ፈቃዱ የሚገኘው እንዴት እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ጸሐፊዋ ወረቀቶቹን ደርድራ «እዚህ፣ እዚህና እዚህ ፈርሚ» ትላለች። እናታችን ትፈርማለች። ከፈረመቻቸው አንዱ ይህ ፈቃድ ነው። «ይህ የምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ ያስቆያል እንጂ ብድር አያስከለክልም።

አሁን ወደ ስህተቱ እንግባ። ስህተት እንዴት ይገባል?

ብዙ ሰው የሚያስበው በሌላ ሰው ስም መሳሳት ነው፤ በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ጥርጣሬ ሥር አለው። በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል ስንመጣ፣ በኋላም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲገባ፣ ምዝገባው የጥድፊያ ነበር። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ። አንዳንድ ወንድማማቾች በተለያየ የቤተሰብ ስም ተመዘገቡ። ታደሰ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በዕብራይስጥ ፊደል በጤት፣ ሌላው በታቭ ጻፈው፤ አንዱ አሌፍ ጨመረ፣ ሌላው ተወ። የልደት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተነግሮ እንዳለ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲጻፍ ሰውየው በአንድ ጀምበር ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ። መታወቂያቸው ላይ ቀንና ወር የሌለው፣ ዓመቱ ብቻ የተጻፈ ሽማግሎችም አሉ።

ያም ሆኖ በዚህ አገር የብድር መዝገብ የሚንጠለጠለው በስም ላይ አይደለም፤ በመታወቂያ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ራሱን የሚጠብቅበት ዘዴ አለው። ለማስተማሪያ የሚያገለግለውን 123456782ን እንውሰድ። ከግራ ጀምረን የመጀመሪያውን አሃዝ በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ ሦስተኛውን እንደገና በ1 እያፈራረቅን እናባዛ። ውጤቱ ባለ ሁለት አሃዝ ከሆነ ሁለቱን አሃዞች እንደምር። 1፣ 4፣ 3፣ 8፣ 5፣ 3፣ 7፣ 7፣ 2 ይመጣል። ድምሩ 40 ነው። ለ10 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቁጥሩ ተቀባይነት ያገኛል። ጸሐፊው ተሳስቶ 8ቱን 9 ቢያደርገው ድምሩ 42 ይሆንና ኮምፒዩተሩ አልቀበልም ይላል። የመጨረሻዋ አሃዝ ሥራዋ ይህ ነው፤ ዘበኛ ናት።

ዘበኛዋ የምትጠብቀው ግን ቁጥሩን ብቻ ነው። በዚያ ቁጥር ሥር የተጻፈው እውነት ይሁን ውሸት እሷን አይመለከታትም። ስለዚህ የሚበዛው ችግር ያለው ከዚያ በታች ባሉት መስመሮች ላይ ነው። አራቱን ልቁጠር።

አንደኛው ተከፍሎ ያልተዘጋ ዕዳ ነው። አንድ ሰው የስልክ ዕዳ ነበረበት እንበል፤ ጉዳዩ ሆጻአ ላፖአል ገባ። ሰውየው ከኩባንያው ጠበቃ ጋር ተስማምቶ በቀጥታ ለጠበቃው ከፈለ። ጠበቃው ክፍያውን ለጽሕፈት ቤቱ ማሳወቅ ነበረበት፤ አላሳወቀም። ወለዱ በወረቀት ላይ ይቆጥራል፣ ፋይሉም ክፍት ነው። ሰውየው «ከፍዬ ጨርሻለሁ» ብሎ ተኝቷል። እውነቱን ነው፣ ከፍሏል፤ የመዘጋቱን ማረጋገጫ ግን አልተቀበለም። የከፈለበት ደረሰኝና የፋይሉ መዘጋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው የተረሳ ሒሳብ ነው። ከመርካዝ ክሊታ (ከአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል) ስንወጣ ትተነው የሄድነው የባንክ ሒሳብ ሳይዘጋ ይቀራል። ባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጣል፤ ሒሳቡ ሚኑስ (ከዜሮ በታች) ይገባል። ደብዳቤው የሚላከው ወደተመዘገበው አድራሻ ነው። እኛ ሦስት ቤት ቀይረናል፤ አድራሻችን ግን እዚያው አሮጌው ቦታ ቀርቷል። ደብዳቤውን የሚከፍተው የለም።

ሦስተኛው ቼክ ነው። በ1981 በወጣው የደረቅ ቼክ ሕግ መሠረት በ12 ወር ውስጥ 10 ቼክ የተመለሰበት ሒሳብ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ቢያንስ 15 ቀን ካለ፣ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። አምስተኛው ሲመለስ ባንኩ ማስጠንቀቅ አለበት። አነስተኛ ንግድ ያላቸው፣ የጽዳት ሥራ ተቋራጭ የሆኑ ወንድሞቻችን እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። ነገር ግን ቼኩ የተመለሰው በባንኩ ስህተት ከሆነ ፍርድ ቤት ከቁጥሩ እንዲቀነስ ሊያዝ ይችላል። ከ10 አንዱ ሲወጣ 9 ይቀራል፤ እገዳውም መሠረት ያጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ስንት ነው?

አራተኛውን ለመናገር ያሳፍራል፤ ግን ልናገረው። የቤተሰብ ነው። ልጅ በእናቱ መታወቂያ የስልክ መስመር ያወጣል፤ የወንድም ልጅ በአጎቱ ስም ዕቃ በክፍያ ይወስዳል። ብድሩ በእናት ስም ይመዘገባል። በዚህ ጊዜ መዝገቡ «ትክክል» ነው፤ ፊርማው አለ፣ ቁጥሩ አለ። ውሸቱ ያለው በቤት ውስጥ ነው። እናት ልጇን ላለማሳጣት ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም ወለድ ይቆጥራል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የብድር ሪፖርት ሕግ የወጣው በ1970 ነው። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በየካቲት 2013 ባወጣው ጥናት 1,001 ሰዎች ሪፖርታቸውን አንድ በአንድ እንዲፈትሹ አድርጎ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ስህተት አግኝቶ አስተካክሏል። 5 ከመቶ የሚሆኑት ላይ ደግሞ ስህተቱ ለብድር የበለጠ ወለድ ሊያስከፍላቸው የሚችል ነበር። ሕጉ ከወጣ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እዚያም እንዲህ ነው።

የአንድ ሰው ታሪክ ልጨምር፤ በፍርድ ቤት መዝገብ የታወቀ ነው። ሰርጂዮ ራሚሬዝ የሚባል ሰው በየካቲት 2011 በካሊፎርኒያ ከሚስቱና ከአማቱ ጋር መኪና ሊገዛ ይሄዳል። ሻጩ የብድር ሪፖርቱን ሲያስመጣ ስሙ በአሸባሪዎች ዝርዝር ላይ ካለ ሰው ጋር ሊመሳሰል እንደሚችል ተጽፎ ያገኛል። መኪናውን በእሱ ስም አልሸጥም አለ፤ ሚስቱ በስሟ ገዛች። ሪፖርቱን ያዘጋጀው ትራንስዩኒየን የተባለው ድርጅት ያነጻጸረው የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ነበር። የልደት ቀን እንኳ አላነጻጸረም። በተመሳሳይ መንገድ ስማቸው ምልክት የተደረገበት 8,185 ሰዎች በአንድነት ከሰሱ። ሰኔ 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የፈረደው፣ ካሣ መጠየቅ የሚችሉት ሪፖርታቸው ለሌላ ሰው የተላከባቸው 1,853ቱ ብቻ ናቸው ብሎ ነው። የሌሎቹ ስህተት በድርጅቱ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ስለቀረ ጉዳት አልደረሰባቸውም ተባለ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። መቼ እንደሚወጣ በማላውቀው መዝገብ ውስጥ አሸባሪ ተብዬ መቀመጤ ራሱ ጉዳት ነው። ለእኛ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ስህተቱን ሌላ ሰው ከማየቱ በፊት እኛ እንየው።

ከስህተት ቀጥሎ ያለው ጉዳይ የመረጃ መሰረቅ ነው። በ2017 ኢኩዊፋክስ ከሚባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተሰረቀ። ቀዳዳው ይታወቅ ነበር፤ መድፈኛውም ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ አልደፈኑትም። በ2019 ቢያንስ 575 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ገንዘቡ ተከፈለ፤ የሰዎቹ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥርና የልደት ቀን ግን ተመልሶ ምስጢር ሊሆን አልቻለም።

እዚህ አገርም ሆኗል። የፍትሕ ሚኒስቴር በጥቅምት 2011 እንዳስታወቀው፣ በ2006 አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር የኮንትራት ሠራተኛ የሕዝብ መዝገቡን ገልብጦ ወሰደ። የሞቱትን ጨምሮ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጃ ነበረበት፤ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ አድራሻ፣ የቤተሰብ ዝምድና ሳይቀር። ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። በየካቲት 2020 ደግሞ ለምርጫ ቅስቀሳ በሚያገለግል ኤሌክቶር በሚባል መተግበሪያ ክፍተት የ6.5 ሚሊዮን ያህል መራጮች ዝርዝር ለማንም ተጋልጦ ተገኘ። ከዚህ ተነስተን አንድ ነገር እንወቅ። የመታወቂያ ቁጥራችን ምስጢር መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ስለዚህ አንድ ሰው ደውሎ ስማችንን፣ ቁጥራችንንና የአባታችንን ስም በትክክል ስለጠራ ብቻ «ከባንክ ነኝ» ያለውን ማመን የለብንም። የሚያውቀው ሁሉ ከተሰረቀ መዝገብ የተገኘ ሊሆን ይችላል።

የዚህ አገር ሕግ ስለዚህ ዝም አላለም። የ1992ቱ የሰው ልጅ ክብርና ነፃነት መሠረታዊ ሕግ የግል ሕይወትን ጠብቋል። የ1981ዱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ስለ ራስ የተያዘን መረጃ የማየትና ስህተት ካለ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ይሰጣል። የዚህ ሕግ 13ኛው ማሻሻያ በነሐሴ 2024 ጸድቆ በነሐሴ 2025 ሥራ ላይ ውሏል፤ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ከባድ የገንዘብ ቅጣት የመጣል ኃይል አግኝቷል። በአገር ቤት ዘመድ ላላችሁም፣ ኢትዮጵያ በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ታስከብራለች፤ በ2024ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ በተስፋፋ ቁጥር እዚያም ይኸው ጥያቄ ይመጣል።

ሕጉ የሚያዘው ግን መንግሥትንና ድርጅትን ነው። የራሳችንን ቤት የምንጠብቀው እኛ ነን፤ እዚህ ላይ ወቀሳዬን ታገሡኝ።

ብዙ ቤት ውስጥ አንድ ፌስታል አለ። ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር ይቀመጣል። የባንክ ደብዳቤ፣ የኤሌክትሪክ ሒሳብ፣ የቢቱዋሕ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን) ወረቀት፣ የሆጻአ ላፖአል ማስጠንቀቂያ፣ የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን) የምርመራ ውጤት፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ፖስታ ጨርሶ አልተከፈተም። ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው ሲገኝ እናታችን ፌስታሉን እንዳለ ይዛ ትሄዳለች። ጎረቤት ያነባል፣ የማኅበራዊ ሠራተኛ ረዳት ያነባል፣ በአውቶቡስ ማቆሚያ የተገኘ ወጣት ያነባል። የአንዲቱን ደብዳቤ ትርጉም ፈልጋ የሕይወቷን ሁሉ መዝገብ ታስረክባለች። ሌላው ቤት ደግሞ የሚያነበው የ12 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ የአባቱን ዕዳ ከአባቱ ቀድሞ ያውቃል። ከባዱን ቃል ይዘላል፣ አባቱ እንዳያዝን ያለሳልሳል። አባት የሚሰማው ልጁ ያለሳለሰውን ነው። ቀነ ገደቡ ያልፋል።

ከዚህም የባሰ አለ። መታወቂያችንን ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንስተን በዋትስአፕ እንልካለን። ፎቶው ላይ የመታወቂያው የተሰጠበት ቀን አለ። ብዙ የዚህ አገር አገልግሎቶች ማንነት የሚያረጋግጡት በቁጥሩና በዚያች ቀን ነው። ሁለቱን የያዘ ሰው በራችንን ለማንኳኳት ግማሹን መንገድ ጨርሷል። «ቢ ዲ አይህን አጸዳልሃለሁ» የሚሉ ማስታወቂያዎችም አሉ። ብዙ ሺህ ሰቅል ያስከፍላሉ፤ ውክልና ያስፈርማሉ። ልብ በሉ፦ እውነተኛ የሆነ ያልተከፈለ ዕዳን ማንም ከመዝገብ ሊያጸዳ አይችልም። ስህተት ከሆነ ደግሞ እኛው ራሳችን ማስተካከል እንችላለን። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች የምንከፍለው ለሌለ ነገር ነው፣ አለዚያም በነፃ ለሚገኝ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ስለማናውቅ ብቻ አይደለም። ይሉኝታም አለበት። በሰርግና በለቅሶ ስለማን ምን እንደሚወራ እናውቃለን፤ «ዕዳ አለበት» መባል ያስፈራናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን ዕዳን እንደበሽታ እንደብቃለን። ዕዳ ግን በዚህ አገር ነውር አይደለም። ሚኑስ ያልገባ የሐይፋ ነዋሪ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ነውሩ የማንንም ዕዳ በቡና ላይ ማውራት ነው። ወረቀት የምታነቡ፣ የምታስተረጉሙ ወጣቶችና ሠራተኞች፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው፤ ያነበባችሁት የሰው ገመና ነው። ካነበባችሁበት ቤት ይዛችሁት አትውጡ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በቅደም ተከተል ልናገር።

መጀመሪያ የራሳችሁን የመረጃ ዝርዝር ከእስራኤል ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት ጠይቁ። በድረ ገጹ ይቻላል፤ በስልክም በኮከብ 6194 ማዕከሉን ማግኘት ይቻላል። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ባልና ሚስት ለየብቻ ይጠይቁ፤ መዝገቡ የየግል ነው።

ሲመጣ በሦስት ጥያቄ አንብቡት። እነዚህ ብድሮችና ካርዶች ሁሉ የእኔ ናቸው? ያልተከፈለ የተባለው በእርግጥ አልተከፈለም? የእኔን መረጃ የጠየቁት እነማን ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሄዳችሁበት የማታውቁት አበዳሪ ስማችሁን ጠይቆ ከሆነ በስማችሁ ሌላ ሰው እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል።

ስህተት ካገኛችሁ የእርማት ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡ፤ መረጃውን የላከው ባንክ ወይም አካል መርምሮ መልስ መስጠት አለበት። በቃል አትጨቃጨቁ። ደረሰኝ፣ የፋይል መዘጋት ማረጋገጫ፣ የተጻጻፋችሁትን ደብዳቤ ቅጂ አያይዙ። ዋናውን ቤት አስቀሩ፤ የላካችሁበትን ቀን ጻፉ። መልሱ ካላረካችሁ በእስራኤል ባንክ ላለው የብድር መረጃ ኃላፊ አቤት በሉ። ስሜ ከመዝገቡ ይውጣ ብሎ መጠየቅም በሕጉ ገደብ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን መልካም ታሪካችሁም አብሮ ስለሚጠፋ ሳትመክሩ አታድርጉት።

ብቻችሁን አትሁኑ። ከ2000 ጀምሮ ለማኅበረሰባችን የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው ጠበቃ የተባለው ድርጅት አለ። የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ እርዳታ ክፍል በሐይፋም ይሠራል። በዚሁ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ያለው የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ክሊኒኮች አሉት። ወጣቶች፣ እዚያ የምትማሩ ካላችሁ፣ ለእናቶቻችሁ ቅጽ መሙላት የተማራችሁትን ሕግ በተግባር ማዋል ነው።

በመጨረሻም ፌስታሉን አውጡት። የባንኩን ለብቻ፣ የሕክምናውን ለብቻ፣ የሆጻአ ላፖአሉን ለብቻ አድርጉ። ሰው እንዲያነብላችሁ ስትሄዱ የምታስነብቡትን አንዱን ወረቀት ብቻ ያዙ። የመታወቂያ ቅጂ ለጠየቃችሁ ሁሉ «ለምን?» በሉ። አድራሻችሁን አስተካክሉ።

ወላጆቻችን በረሃ አቋርጠው እዚህ ሲደርሱ በጥድፊያ ስማቸውን ሌላ ሰው ጻፈላቸው፤ ያኔ ቋንቋውን አያውቁም ነበር፣ ሊያርሙም አልቻሉም። እኛ ግን ቋንቋውም አለን፣ ሕጉም አለን፣ ስልኩም በኪሳችን ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንል ሕዝብ ነን። በቁማችን ስለ ስማችን የተጻፈውን አለማንበብ አይገባንም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ይህ ወር ሳያልቅ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን መዝገብ ጠይቁ፣ ቁጭ ብላችሁም አንብቡ።